ከሳጥኑ የማይወጣ እጅ

ናፍቆት ማውሱን ተጭና ስትጎትት ፎቶው ላይ ያለው ፊቷ ዙሪያ ሳጥን ይሰመራል። ትንሽ ትጎትታለች፣ ሌላ ሳጥን። አሁንም ትጎትታለች፣ ሌላ። አሮጌዎቹ ስለማይጠፉ የልጄ ሳቂታ ፊት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ የታሰረ መስሏል። ደስ አላለኝም። እንዲህ ያለው ለበጎ አይታይም።

«ለቲ፣ አሁንም እየተከማቸብኝ ነው» ትላለች ዞር ሳትል።

አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ። የጠራችው ግን ለተመድህንን ነው፤ ድሮ ኮምፒውተር ያስተማረቻትን፣ አሁን ሓድነት ሰፈር ውስጥ ይህን ፎቶ ቤት ከፍታ ሥራ የሰጠቻትን። አንድም ቀን እትዬ ስትላት አልሰማሁም። ለቲ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔን እንዲህ አቆላምጣኝ አታውቅም።

ለተመድህን መጥታ በትከሻዋ ላይ ታጎነብሳለች። አዲሱን ሳጥን ከማስመርሽ በፊት አሮጌውን በራሱ ላይ ድገሚው ትላታለች፤ መስመሩ በራሱ ላይ ሲደገም ይጠፋል። ናፍቆት ቁልፎቹን ጠቅ ጠቅ አድርጋ እንደገና ትጎትታለች። አሁን ሳጥኑ አንድ ብቻ ነው፤ እጇን እየተከተለ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ከኋላው ምንም አይተውም። ሁለቱ እኩል ይስቃሉ። እኔ ፎቶው አይበላሽም ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አይነካውም እማ፣ ከላይ ነው የሚሰመረው ትለኛለች፣ ለሕፃን እንደሚነገረው አድርጋ።

ናፍቆት ይህን ፕሮግራም የሠራችው ለጉርድ ፎቶ ነው። ደንበኛው ራሱ ፊቱን በሳጥን ከቦ «ቁረጥ» የሚለውን ሲነካ ተቆርጦ ይታተምለታል። ይህን አይተው ነው ሁለቱንም ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ የጠሯቸው። ቅጹ ዛሬ ይላካል። የቀረው የናፍቆት ጉርድ ፎቶና የእኔ እሺታ ነው። ባሌ ከፋለ «እናቷ እሺ ካለች» ብሎ ነገሩን እኔ ላይ ጥሎታል።

ሦስት ወር። አውቶቡሱ ቢገለበጥስ? ብትታመምስ? ስልኩ እንደ ጦርነቱ ጊዜ ቢቋረጥስ? ያኔ እናቴ ደሴ ላይ ሞታ መቀበሯን የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ከሁሉ የሚብሰውን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ደኅና ሆና፣ ወፍራ፣ እየሳቀች፣ የለተመድህን ልጅ ሆና ብትመለስስ?

«እማ ትሞክረው» ትላለች ናፍቆት ከወንበሩ እየተነሣች። «እሷ ከቻለችው መቐለ ውስጥ የማይችለው ሰው የለም።»

ለተመድህን ሳቋን ትውጣለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ናፍቆት እጇን እጄ ላይ አድርጋ እንዴት እንደሚጎተት ታሳየኛለች። እጇ ይሞቃል። ለመጨረሻ ጊዜ የያዘችኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ፎቶው ባለፈው ሳምንት እዚሁ በር ላይ የተነሣ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የለተመድህን እጅ ልጄ ትከሻ ላይ አርፏል። ብቻሽን ሌላ ተነሺ ብያት ነበር። ይሄ ነው የሚያምረኝ ብላ እምቢ አለች።

እጎትታለሁ። ሳጥኑ ፀጉሯን፣ ግንባሯን፣ አገጯን ይይዛል። እዚያ ላይ አቆማለሁ። ብቻዋን ናት።

ጉርድ ፎቶ ትከሻ ያስፈልገዋል ትለኛለች ናፍቆት። ባዶ ቦታ ንኪና ይጠፋል።

ነካሁ፤ ጠፋ። አሁን እስከ ትከሻዋ ድረስ አወርደዋለሁ። አራት ጣቶች አብረው ይገባሉ። አጠፋዋለሁ። ከግራ እጀምራለሁ፤ ይገባሉ። ከታች ወደ ላይ እጎትታለሁ፤ ይገባሉ። ሳጥን አይታጠፍም። እነዚያን ጣቶች ለማስወጣት የልጄን ትከሻ መቁረጥ አለብኝ። ስድስተኛው ላይ ይሁን ሰባተኛው፣ የገባኝን ነገር እንዳልገባኝ ሆኜ አሳዪኝ እላታለሁ። እጇ ተመልሶ እጄ ላይ ያርፋል።

ለተመድህን ከኋላ ሆና ሁሉንም አይታለች።

«ሰርካዲስ ሓፍተይ፣ እህቴ» ትለኛለች ቀስ ብላ። «እጄን እኔ አጠፋዋለሁ። ቀላል ነው፤ እንዳልነበረ ይሆናል።»

ዞሬ አያታለሁ። አልተቀየመችም። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

«አይጥፋ» እላለሁ። «ትሂድ፤ ግን አንድ ነገር ብትሆን፣ ማን ይዟት እንደሄደ ይታወቅ።»

ናፍቆት እጇን ከእጄ ላይ ታነሣለች። ለተመድህን «ይታወቅ» ትላለች። «ለቅጹ እጄን አጥፍቼ ሌላ አትማለሁ። ይሄ ያንቺ ይሁን። ኣጆኺ፣ አይዞሽ።»

ሳጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ እጎትታለሁ። ፀጉር፣ ፊት፣ ትከሻ፣ አራት ጣት። ማንም ሳያሳየኝ «ቁረጥ» የሚለውን እነካለሁ።

ማተሚያው አጉረምርሞ ትንሿን ፎቶ ያወጣታል። ገና ትሞቃለች። ናፍቆት ቅጹን መሙላት ጀምራለች፤ ለቲ እያለች የሆነ ነገር ትጠይቃለች፣ አልሰማትም። ፎቶዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አያታለሁ። አውራ ጣቴ ሳላስበው ትከሻዋ ላይ አርፎ ጣቶቹን በልኩ ሸፍኗቸዋል። ሳነሣው እዚያው ናቸው። መልሼ አስቀምጠዋለሁ።