አምስተኛው ማስክ

ሀፍሷ ልብ ያለችው አጥባ ሰቅላ ከጨረሰች በኋላ ነው። በሩ አጠገብ የተሰቀሉት ማስኮች አምስት ናቸው፤ ቤተሰቡ ግን አራት ነው።

«ከአምስት ሰው አንዱ በወረርሽኙ ይሞታል» የሚል ትንበያ መርካቶ ውስጥ ከተወራ ወዲህ፣ አስም ላለባት ልጇ ለሰሀር ስትል፣ ማስኩን ደጃፍ ላይ ሳያወልቅ ማንንም አታስገባም። ባሏ ኑሪ ይቀልድባት ነበር።

«እኛ እኮ አራት ነን። አምስተኛ ካላስገባሽ ማን ይነካናል?»

ደግማ ቆጠረች።

«ኑሪ፣ ሰው ይዘህ ገብተሃል እንዴ? ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ ማንንም። ይልቅ በሩን ዝጊው፣ ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ኑሪና ሁለቱ ልጆች ፍራሹ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሰሀር ማሳል ጀምራለች።

ሀፍሷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ ከጀርባዋ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ ተቀረቀረ።