ለሐኪሟ ያልተነገረው ውድቀት

"ሆዴን ነው ዶክተር... ትናንት የበላሁት ነገር ሳይስማማኝ ቀርቶ ነው።"

ቀጮ ይህን ሲል ዓይኑን ከሐኪሟ አሸሸ።

ውሸቱን ነበር። ምግብ ምንም አላደረገውም...

ጠዋት ልምምድ ላይ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሳይክሉ የፊት ጎማ ጉድጓድ ገባ። መሪው ዞረና ጫፉ ሆዱን ጎሰመው።

የመሪው ጫፍ የጎማ ክዳን ከወለቀ ሰንብቷል። "ዛሬ ነገ" እያለ ባዶውን ቧንቧ ይዞ ነበር የሚነዳው።

ሲወድቅ ያየው የክለብ ጓደኛው ጥርሶ ብቻ ነው። (ስሙ አይደለም፤ ሲስቅ ጥርሱ ስለማያልቅ ነው።)

አንስቶ አቧራውን አራገፈለት... ደግፎ ድንገተኛ ክፍሉ በር ድረስ አደረሰው።

"ስማኝ ወንድሜ፣ መውደቅህን ለማንም እንዳትተነፍስ!"

"ለሐኪምም?"

"ለሐኪምም! አሰልጣኙ ጆሮ ከገባ የእሁዱ ውድድር አለቀልህ። ሆዴን በል፣ ማስታገሻህን ውሰድ፣ ውጣ።"

ከክለቡ ለውድድሩ የተመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው... ቀጮ።

እንባው መጣ። እንዲህ የሚያስብለት ማን አለ?

ሐኪሟ መድኃኒት ልትጽፍለት እስክሪብቶ አነሳች።

"ሌላ የሚያምህ አለ?"

"ግራ ትከሻዬን ትንሽ..."

እስክሪብቶው ቆመ።

"ማሊያህን ግለጠው።"

"ኧረ ቀላል ነው ዶክተር..."

"ግለጠው አልኩህ!"

ከግራ ጎድኑ በታች ቀለበት የመሰለ የበለዘ ክብ ታየ።

"ምን ዓይነት ምግብ ነው ሆድ ላይ ማኅተም የሚመታ?"

ቀጮ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ጨለመበት...

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ላስረዳችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የመሪው ጫፍ ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ውጪው የሳንቲም ያህል ይበልዛል፤ ውስጥ ግን ጣፊያ ሊቀደድ ይችላል። የሚፈሰው ደም ሽቅብ ሄዶ ሆድን ከደረት የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ፣ ሕመሙ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል! ሰውዬው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል።

አልትራሳውንዱ ሆዱ ውስጥ ደም አሳየ። ሲቲ ስካኑ የጣፊያውን ስንጥቅ አረጋገጠ። ደም ተሰጠው፣ እንዳይነሳ ተደርጎ በቅርብ ክትትል ተኛ። ደግነቱ መድማቱ ያለ ቀዶ ጥገና ቆመ።

"ማስታገሻ ውጠህ ቤትህ ብትተኛ ኖሮ፣" አለች ሐኪሟ፣ "ላትነቃ ትችል ነበር።"

ሲሻለው አሰልጣኙ ሊጠይቀው መጣ።

"ይቅርታ አሰልጣኝ... መውደቄን የደበቅኩህ..."

"ምኑን ደበቅከኝ? ጥርሶ ያኔውኑ ደውሎ ነግሮኝ የለ!"

"የት ሆኖ?"

"እዚሁ በር ላይ። 'መሪው ሆዱን ክፉኛ ነው የወጋው፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ለእሁድ አይደርስም... እኔን አስገባኝ' አለኝ። እኔማ ለሐኪሞቹም የነገረ መስሎኝ!"

ቀጮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥርሶ እውነቱን ያውቅ ነበር... ቦታውን ለሚሰጠው ነገረ፤ ነፍስ ከምታተርፈዋ ሐኪም ግን አስደበቀ።

ትራሱ ሥር ስልኩ ነዘረ። ጥርሶ ነው።

"ወንድሜ፣ ሆድህ እንዴት ሆነ? አይዞህ... ምስጢርህ እኔ ጋ ነው 🙏"

ወዳጆቼ፣ የሳይክል መሪ ሆዳችሁን ከመታችሁ "ደህና ነኝ" ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪም ሁሉንም ተናገሩ። "አትናገር" የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ደግሞ... ዝምታችሁ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ አስቡ።

እናንተ በቀጮ ቦታ ብትሆኑ ለዚያ መልእክት ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... 👇