ከቢጫው መሐል

በዚያ ቅዳሜ ረፋድ፣ ሱዳን ውስጥ ባለው በኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ደረሰ የተባለው ፀጉር አስተካካይ፣ መምህር ሃይለማርያም፣ እንዲሁም ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ወንበር ላይ የተቀመጠው ያረጋል። ያረጋል ቁረይሻ ወዳለው የሰሊጥ እርሻ የሚወስደውን ሎሪ እየጠበቀ ነው።

«ኸላስ፣ ጨርሰኝ እንጂ ደረሰ! ሎሪው ሲመጣ እንዲህ ግማሽ ሰው ሆኜ ልሳፈር ነው?»

«ታገስ። ዛሬ ከአንተ ጢም የሚበልጥ ሥራ ይዣለሁ።»

ደረሰ ምላጭ ሲሰብር ነው የሚውለው። ከነወረቀቱ በሁለት ጣቱ ያጥፈውና ቀጭ ያደርገዋል፤ ግማሹን እጀታው ላይ ይሰካል፣ ግማሹን ለሌላ ደንበኛ ያቆያል። መምህር ግን ዛሬ ሁለቱንም ግማሾች አንድ ላይ ፈለጓቸው። ደረሰ መምህር ባመጡት የሻይ ካርቶን ጫፍ ላይ በተበጀው ቀዳዳ ስለታቸውን ፊት ለፊት አድርጎ ለጠፋቸው፤ በመካከላቸው ፀጉር በጭንቅ የምታልፍበት ክፍተት ብቻ ተወ። በካርቶኑ ሌላ ጫፍ የተሰበረ የሠርግ ሲዲ ቁራጭ ጋደል ብሎ ተቀምጧል። ብርሃን በምላጮቹ መሐል ሾልኮ ይገባል፣ ሲዲው ላይ ሲያርፍ በየቀለሙ ይተረተራል፣ ከላይ ባለችው መመልከቻ በአንድ ዓይን ይታያል።

መምህር ሁመራ ሳሉ ይህን ለብዙ ዓመት አስተምረዋል። የፀሐይ ብርሃን ሲተረተር በቀለሞቹ መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይገኛሉ፤ ፀሐይ ላይ ያሉ ነገሮች የተዉት አሻራ ነው። ሰው እዚያ ሳይደርስ ፀሐይ ከምን እንደተሠራች ያወቀው ከእነርሱ ነው። መምህር በጠመኔ ይሥሏቸው ነበር እንጂ በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። ተማሪ ተነሥቶ «እርስዎ አይተዋቸዋል?» ሲላቸው «አላየሁም» ይሉ ነበር። መዋሸት አያውቁበትም። አሁን ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቀኙ ሰኞ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ይድናል ብሎ ቃል የገባላቸው ግን የለም።

«ፀሐይዋን በቀጥታ አናይም» አሉና ካርቶኑን ደረሰ ሽቦ ላይ ወዳሰጣው ነጭ ጨርቅ አዞሩት። ጨርቁ ፀሐይ አርፎበት ዓይን ይወጋል። መምህር ቀኝ ዓይናቸውን መመልከቻው ላይ አሳረፉ።

«አየሁ መሰለኝ» አሉ በመጨረሻ። ፊታቸው ግን አልፈካም። «ይህ ዓይኔ ከታመመ ጀምሮ ባዶ ሰማይ ላይም ጥቁር ክር ያሳየኛል፤ አላምነውም። አንተ እይልኝ ደረሰ። ያየሁትን አልነግርህም፤ ያየኸውን ንገረኝ።»

ደረሰ ጎንበስ አለ። ከቀይ እስከ ሐምራዊ የተዘረጋ ቀለም ታየው፤ እንዲህ የጠራ ቀለም አይቶ አያውቅም። ወዲያው ግን ጆሮው ድረስ ጋለ። ቀለሙ ላይ ጥቋቁር ጭረቶች አሉ! አንዷማ ቢጫው መሐል ተገትራለች። ምላጬ ነው፣ አለ በልቡ፤ ወይ ፀጉር ይዟል፣ ወይ ጥርስ አውጥቷል። መተማ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በቆሸሸ ምላጭ ላጨኝ ያለው ሰው የለም። ዛሬ መምህር ፊት ይዋረድ?

«ንጹሕ ነው መምህር!» አለ ጮክ ብሎ። «ቀለም ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሚያ ሚያ፣ መቶ በመቶ!»

መምህር ካርቶኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው ዓይኔ ነው» አሉ።

ካርቶኑን ቀስ ብለው በነጠላቸው ሲሸፍኑት ደረሰ አላስቻለውም።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዋሽቻለሁ። ምላጬ ቆሽሿል፤ አፍሬ ነው። ጭረት አለበት።»

«የት ላይ?»

«አረንጓዴው ላይ አለ። ሰማያዊው መግቢያ ላይ አለ። ቢጫው መሐል ደግሞ አንዲት ቀጥ ብላ የቆመች . . .»

መምህር ብድግ አሉ። «ቆማ ነው ያልከኝ? ተጋድማ አይደለም?»

«ቆማ ነው፤ ልክ እንደ ምላጩ ስለት።»

«የምላጭ ቆሻሻ ቢሆንማ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ተጋድሞ ነበር የምታየው!»

ደረሰ አላመነም፤ በሙያው የመጣ ነገር ነው። አዲስ ምላጭ አውጥቶ ቀጭ አደረገ፣ የፊተኞቹን ነቅሎ አዲሶቹን ለጠፈና እንደገና ጎንበስ አለ። ቢጫው መሐል፣ የፊተኛዋ ቦታ ላይ፣ መስመሯ ቆማለች።

«እዚያው ናት» አለ።

«የሶዲየም ናት። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ፀሐይም ላይ አለ። ቅድም ያየኋትም፣ ሰሌዳው ላይ የምሥላትም እዚያው ነበር!»

ያረጋል ከነአረፋው ዘሎ መጣ፤ ደረሰ ጉንጩን በእጁ ጠረገለትና አሳየው። ያረጋል ረጅም ጊዜ አየና፣ ላብ ደርቆ ጨው የሠራበትን የሸሚዙን ጀርባ ወደ እነሱ አዞረ። «ፀሐይ እኛ ላይ የምታደርቀው ለካ የራሷን ጨው ነው!»

መምህር እየሳቁ ካርቶኑን ወሰዱ። ለመጨረሻ ጊዜ አዩ። ከዚያ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው ቀና አሉ፤ ከኒሙ ወዲያ ባዶ ሜዳ ብቻ ነበር።

«አይቻታለሁ» አሉ።

ሎሪው ጡሩምባውን ነፋ። ደረሰ ከካርቶኑ ከነቀላቸው ምላጮች በአንዱ የያረጋልን ያልተላጨ ጉንጭ ላጨ፤ ጠብታ ደም አልወጣም። መምህር ሰኞ ወደ ገዳሪፍ ሄዱ።