የምሳ ግብዣ

በሳይበር ደኅንነት ክፍል ውስጥ ከምንትዋብ የሚበልጥ ተማሪ አልነበረም። በክላውድ ኔትወርክ ፈተናም አንደኛ ወጥታለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ግን ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ ተማሪዎቹን ሊፈትን ብሎ፣ ሳይነግራቸው፣ ለሁሉም የማጥመጃ ኢሜይል ላከ፦ «ነገ ምሳ አብረን እንብላ። ቦታውን ለማየት እዚህ ጋ ይጫኑ።»

በማግስቱ ውጤቱን ሲያይ፣ ከአርባ ተማሪዎች የተጠመደችው ምንትዋብ ብቻ ነበረች። ክፍሉ ሲበተን ጠራት።

«አንቺ እንዴት ትታለያለሽ? የላኪው አድራሻ የውሸት መሆኑን አላየሽም?»

«ገና ሳልከፍተው ነው ያወቅሁት፣ መምህር።»

«ታዲያ ለምን ተጫንሽው?»

ምንትዋብ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጥ አደረገች።

«እዚህ ኮሌጅ ከመጣሁ ወዲህ ምሳ አብረን እንብላ ያለኝ ሰው የለም» አለች። «ምናልባት ብዬ ነው።»