የጋሼ ስታሜን ቦዛ

ስልኩ እየጠራ ነው። አለቃዬ ኔቬናም እንድትሰማ ድምፁን ለቅቄዋለሁ።

"ሃሎ?"

"ጋሼ ስታሜን፣ ዝላቲና ነኝ። ከወንፊት።"

"ውይ የኔ ልጅ! ምነው፣ ደሞዝ አልገባልሽም እንዴ?"

ይኸው! ወንፊት ማለት ሰው የሚያወራውን እውነት ነው ውሸት ነው እያልን የምናጣራበት ድረ ገጽ ነው፣ እዚሁ ፕሎቭዲቭ ከተማ። ጋሼ ስታሜን ደግሞ ቦዛ የሚባለውን ጣፋጭ የእህል መጠጥ ነው የሚሸጡት። በየወሩ ገንዘብ ይሰጡናል። የኔ ደሞዝ እንዳለ ከሳቸው ኪስ ነው። ገና ትምህርት ከጨረስኩ ሁለት ወሬ ነው!

"ገብቷል ጋሼ። ስለ ቦዛው ነው። ሰኞ ፌስቡክ ላይ 'ቅንጣት ስኳር የለበትም፣ የስኳር በሽተኛም ይጠጣው' ብለው ለጥፈዋል አይደል? እና... ላቦራቶሪ ወሰድኩት።"

"የማንን ቦዛ?"

"የእርስዎን። ስኳር በስኳር ነው ጋሼ። ከመውጣቱ በፊት መልስዎን ልቀበል ብዬ ነው፣ ማንንም እንደምንጠይቀው።"

ድምፃቸው ከፍ አለ።

"የኔን ገንዘብ እየበላሽ?"

"አዎ። እሱንም ከጽሑፉ ስር ጽፈነዋል።"

የኔቬና አፍ ባኒትሳ በሚባለው የአይብ ቂጣ ተሞልቷል፣ ሳቋን ስታፍን አይቡ ሊያንቃት ነው።

"ስልኩን ለኔቬና ስጪ!"

ኔቬና በጣቷ ወደ እኔ ትጠቁማለች። ያጣራሽው አንቺ ነሽ ማለቷ ነው። ደግሞም ሰውዬው ገንዘቡን ሲሰጡ ፈርመዋል፦ ጽሑፍ አስቀድመው አያዩም፣ እንዳይወጣም አያስቀሩም።

"እሺ፣ ገንዘቡን ባቆምስ?"

"ያው እኔ ከሥራ እወጣለኋ። ጽሑፉ ግን አይቀርም።"

ወይ አፌ! ሳላስበው አመለጠኝ።

ከኋላቸው የሴት ድምፅ መጣ። ሚስታቸው እትዬ ራይና ናቸው፣ ቦዛውን የሚጠምቁት እሳቸው ናቸው።

"ምን የለበትም ብለህ ነው የለጠፍከው አንተ?"

"ስኳር!"

"በሞትኩት! ሰላሳ ዓመት በየበርሜሉ የምገለብጠው ምን መስሎህ ነው፣ ጨው?"

"እኔ እኮ... ጣፋጭነቱ ከእህሉ መስሎኝ..."

"አንተ መቼ መጥመቂያ ቤት ገብተህ ታውቃለህ!" ስልኩን ነጠቋቸው መሰለኝ፣ ጆሮዬ ላይ ጮኹ። "አውጪው ልጄ! ሰው ሳይታመምብን ቶሎ አውጪው!"

'የቦዛው ሻጭ ስኳር እንዳለበት አላውቅም ነበር ብለዋል' ብዬ ጽሑፉ ላይ ጨመርኩ፣ እየሳቅኩ ስጽፈው ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

"ፍርድሽ?" አለች ኔቬና።

"ሐሰት። ሰውዬው ያምኑት ነበር፣ ግን ሐሰት ነው።"

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋችው። ስለ ገንዘቡ አንዳችንም አልጠየቅንም። 'አውጣ' የሚለውን ተጫንኩት። ወጣ! ስሜ ከላይ፣ ዝላቲና፣ በትልቁ!

እነ ጋሼ ስልኩን አልዘጉትም። ቦዛው ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ይሰማል። ፉት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፉት።

"ራይና፣" አሉ ጋሼ ስታሜን ቀስ ብለው፣ "እስኪ ድገሚኝማ።"