ስሜ እንዳይቀየር

ጉድ ስሙማ፣ ኤዶም ተመረጠች! ከዘጠነኛ ክፍል ሁሉ እሷ! ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ተመራማሪ፣ ተማሪ ተማሪን ለምን እንደሚያሰቃይ ነው የምታጠናው። መቶ ልጅ ላይ ላዩን ከመጠየቅ ሁለት ብቻ መርጣ ታሪካቸውን ከስር ከመሰረቱ ትሰማለች። አንዷ ኤዶም ናት፣ በቃ!

ተመራማሪዋ ፊት ወንበሩ ላይ አርፋ መቀመጥ አቃታት። እግሯ ይርገበገባል፣ ጸጉሯን ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች፣ አፏ ደግሞ አይዘጋም። ረጅሟን የክፍሏን ልጅ ትንቢትን «ቀጭኔ» ያለቻት እሷ እንደሆነች፣ ትንቢት ሰሌዳ ላይ ስትወጣ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን እንደሚያስረዝም፣ አንድም ሳታስቀር ለፈለፈችው።

«ቀልድ ነው እኮ ቲቸር! እሷ ራሷ ትስቃለች።»

ተመራማሪዋ ሳትስቅ ጻፈች።

«ቲቸር፣ በእናትሽ ስሜ ከነአባቴ ይውጣልኝ! ሰፈር ሁሉ ነው የማሳየው!»

«በጥናት ላይ ስም ይቀየራል፣ የኔ ቆንጆ።»

«እኔ ከፈቀድኩስ? ምን ያስደብቃል?»

«አንቺ ብትፈቅጂም ለትንቢት ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ለትንቢት? እሷ ምን አገባት?»

«ሁለተኛዋ ልጅ እሷ ናት። ትናንት ሳናግራት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹የኔን ስም እንዳለ ተይው፣ የኤዶምን ግን ቀይሪላት። ሰው ካወቀባት ለእሷም መጥፎ ስም ያወጡላታል› አለችኝ።»

ደወል ተደወለ። ኤዶም ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩን ስትከፍት ትንቢት ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?