የክንድ መለኪያው

ሥራ አስኪያጁ አዲሱን የብስኩት መጠቅለያ ለምግብ ባለሙያዋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ወርቃማው ወረቀት ላይ ወገቧን በሜትር የምትለካ ሴት ትስቃለች፤ ከሥሯ «ለመክሳት» ይላል። ደሟ ፈላ። ከገበያ የሚጣለውን የዱባ ፍሬ ስትለቅም፣ ስትቆላና ስትፈጭ ሁለት ዓመት የከረመችው፣ አንዱ ብቻ ምሳ የሚተካውን ይህን ብስኩት ጤና ጣቢያ ደጃፍ ለሚሰለፉ የተራቡ ልጆች ለማድረስ ነበር።

«ምን ያስቆጣሻል? ብስኩቱን አልነካንብሽም!» አላት ፈገግ ብሎ። «ረሃብ ያስታግሳል ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። ታዲያ ከሚርበው ይልቅ መክሳት የሚፈልገው ነው የሚገዛልሽ።»

ነርስ የሆነችው እህቷ የሰጠቻትን የልጆች ክንድ መለኪያ ከጋዋኗ ኪስ አወጣችና የእጁን አንጓ ይዛ ጠመጠመችበት። በረሃብ የተጎዳ ልጅ ክንድ ስለሚቀጥን፣ ሲለካ መለኪያው ጫፍ ካለው ቀይ ቀለም ላይ ይደርሳል። እሷም ወደ ቀዩ ሳበችው፤ መለኪያው ሥጋው ውስጥ ሰመጠ።

«ኧረ እጄን! አብደሻል እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ቀዩ ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀርሃል» አለችው፣ የወትሮውን አንቱታ ትታ። መለኪያውንም አላላላችለትም። «ትናንት የሦስት ዓመት ልጅ ክንድ ቀዩ ላይ ደረሰ። እሱ ግን መጮኺያ አቅም አልነበረውም።»